ኮሌጅ ሳይጨርስ ወደ ኤንቢኤ ለመሄድ ለሚያስብ ተጫዋችና ለቤተሰቡ

በአሜሪካ ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ የሚጫወት ወጣት ትምህርቱን ሳይጨርስ ለኤንቢኤ ድራፍት፣ ማለትም የአሜሪካው የፕሮፌሽናል ቅርጫት ኳስ ሊግ ቡድኖች አዲስ ተጫዋቾችን በዙር ለሚመርጡበት ሥርዓት፣ ስሙን ማስመዝገብ የሚችለው፣ ድራፍቱ በሚካሄድበት ዓመት ውስጥ 19 ዓመት የሚሞላው ከሆነና አብረውት የተማሩት ሁለተኛ ደረጃ ካጠናቀቁ በኋላ ቢያንስ አንድ የኤንቢኤ የውድድር ዘመን ካለፈ ነው። ይህ መብት በክርክር የተገኘ ነው፤ ቀድሞ ሊጉ አራት ዓመት መጠበቅን ግዴታ አድርጎ ነበር፤ በሩ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1971 የተጫዋቹ የስፔንሰር ሄይውድ ጉዳይ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ለሲያትል ቡድን እንዳይጫወት መከልከሉ ከቀረለት በኋላ ነበር።

መጀመሪያ ሊደረግ የሚገባው ነገር በአሠልጣኙ በኩል የኤንቢኤን የኮሌጅ ተጫዋቾች አማካሪ ኮሚቴ ግምገማ መጠየቅ ነው። ኮሚቴው የቡድኖችን አስተያየት አሰባስቦ፣ ተጫዋቹ በመጀመሪያው ዙር፣ በሁለተኛው ዙር ወይስ በየትኛውም እንደማይመረጥ ግምቱን ይነግረዋል። ዘመድ፣ ጎረቤትና የሠፈር ተመልካች ልጁን ስለሚወዱት ያሞግሱታል፤ ሙገሳቸው ግን ሁለቱ ዙሮች በመደበኛው 60 ተጫዋቾችን ብቻ እንደሚቀበሉና እነዚህም ቦታዎች ከመላው ዓለም ለሚመጡ ተወዳዳሪዎች ክፍት እንደሆኑ ከግምት አያስገባም። ስለዚህ ቤተሰብ ከማንም አስቀድሞ ማዳመጥ ያለበት ይህን ግምገማ ነው።

ግምገማው የሚያሳየው ዙር ይህን ያህል ክብደት የሚሰጠው በዙሮቹ መካከል ያለው የውል ልዩነት እጅግ ሰፊ በመሆኑ ነው። በመጀመሪያው ዙር የተመረጠ ተጫዋች የሚፈርመው ውል ደመወዙ አስቀድሞ በወጣ ሠንጠረዥ የሚወሰን ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ክፍያ ዋስትና አለው፤ ሦስተኛውና አራተኛው ዓመት ግን በቡድኑ ፈቃድ የሚራዘሙ ናቸው። በሁለተኛው ዙር የተመረጠ ተጫዋች እንዲህ ያለ ዋስትና በሊጉ ደንብ አልተሰጠውም፤ የሚያገኘው ወኪሉ ከቡድኑ ጋር ተደራድሮ ያመጣውን ነው። ብዙዎች የሚፈርሙት በኤንቢኤና ከሥሩ ባለው የማሳደጊያ ሊግ፣ በጂ ሊግ፣ መካከል የሚያመላልሰውን ውል ሲሆን፣ እያንዳንዱ ቡድን ለዚህ ያለው ቦታ ሦስት ብቻ ነው፤ ተጫዋቹም በአንድ የውድድር ዘመን ከ50 በላይ የኤንቢኤ ጨዋታዎች ላይ ሊሰለፍ አይችልም። በ2025-26 የዚህ ውል ክፍያ ወደ 636 ሺህ ዶላር ነበር። ገንዘቡ ትንሽ አይደለም፤ ነገር ግን ከኮሌጅ ከሚገኘው ጋር ሳይነጻጸር መወሰድ የለበትም።

ከ2021 ወዲህ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገቢ እንዲያገኙ ተፈቅዷል፤ ከ2025 ጀምሮ ደግሞ በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት ኮሌጆች ራሳቸው ለስፖርተኞቻቸው በቀጥታ መክፈል ጀምረዋል። ቀድመው ለድራፍት የተመዘገቡት ተጫዋቾች ቁጥር በ2021 ከነበረበት 353 በ2025 ወደ 106 የወረደው በአብዛኛው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። ሆኖም ከኢትዮጵያም ሆነ ከሌላ አገር በኤፍ-ዋን የተማሪ ቪዛ የመጣ ወጣት ቪዛው ሥራ እንዳይሠራ ስለሚገድበው፣ ጓደኞቹ የሚያገኙትን ገቢ አገኛለሁ ብሎ ከማስላቱና ማንኛውንም የማስታወቂያ ውል ከመፈረሙ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ማማከር አለበት።

ስም ማስመዝገብ ብቻውን የኮሌጁን በር አይዘጋም፤ በሩን የሚዘጋው ቀን ማሳለፍ ነው። በ2025 የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ኤፕሪል 26፣ ወደ ኮሌጅ ለመመለስ የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ማኅበር ኤንሲኤኤ የሰጠው ቀነ ገደብ ሜይ 28፣ ሊጉ ራሱ ስምን ለማንሣት የሰጠው ደግሞ ጁን 15 ነበር። ብዙዎችን የሚያሳስተው ይህ ነው፦ የሊጉን ቀን ጠብቆ ጁን ላይ ስሙን ያነሣ ተጫዋች ከድራፍቱ ይወጣል፣ የኮሌጅ ተጫዋችነቱን ግን ሊያጣ ይችላል። ቀኖቹ በየዓመቱ ስለሚለዋወጡ ከኮሌጁ የደንብ ጉዳዮች ቢሮ በጽሑፍ መቀበል ይገባል። በመሐል ያሉትን ሳምንታት ተጫዋቹ በቡድኖች ልምምድ ላይ ይጠቀምባቸው፤ ከተጋበዘም ቺካጎ በሚካሄደው ምዘና ይገኝና የጎደለውን ከባለሙያዎቹ አንደበት ይስማ። ተጫዋቹ ዛክ ኢዲ በ2023 ስሙን አስመዝግቦ ካነሣ በኋላ ወደ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመልሶ፣ በቀጣዩ ዓመት ቡድኑን እስከ ፍጻሜው ጨዋታ አደረሰ፤ በ2024ም በዘጠነኛነት በኤንቢኤው የሜምፊስ ቡድን ተመረጠ።

ወኪል ሲያዝ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የኮሚቴውን ግምገማ የጠየቀ ተጫዋች ኤንሲኤኤ ያጸደቀውን ወኪል መያዝ ይችላል፤ ይሁንና ስምምነቱ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ተጫዋቹ ወደ ኮሌጅ ከተመለሰም ይቋረጣል። የተጫዋቾቹ ማኅበር ወኪል ከኤንቢኤ ደመወዝ ከ4 በመቶ በላይ እንዳይወስድ ይከለክላል፤ ከዚያ የሚበልጥ የሚጠይቅን ሰው ቤተሰቡ ያለ ምንም ይሉኝታ ያሰናብት።

የመጨረሻው ጉዳይ፣ ለእኛ ወላጆች ከሁሉም የሚከብደው፣ ዲግሪው ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው የኤንሲኤኤ ደንብ መሠረት፣ ስኮላርሺፕ የነበረውና ቢያንስ ሁለት ዓመት በሙሉ ጊዜ የተማረ ተጫዋች ከሄደ በኋላ 10 ዓመት ሳይሞላ ወደዚያው ኮሌጅ ቢመለስ፣ ኮሌጁ የትምህርትና የመጻሕፍት ወጪውን ይሸፍንለታል። በአንድ ዓመት የሚሄደው ልጅ በዚህ አይካተትም፤ ስለዚህ እርሱ ሻንጣውን ከማዘጋጀቱ በፊት ቤተሰቡ ከኮሌጁ ጋር ተነጋግሮ፣ ሲመለስ ትምህርቱን በማን ወጪ እንደሚቀጥል የሚገልጽ የተፈረመ ደብዳቤ ይቀበል።