አቶሞችን ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለሳምንታት ኮምፒውተር ላይ የቆየ የሞለኪውላር ዳይናሚክስ ሲሙሌሽን (የአቶሞችን እንቅስቃሴ የሚያሰላ) በአንድ መስመር ትእዛዝ ከንቱ ሊቀር ይችላል። ሲሙሌሽኑ ደህና ነው፣ ሙቀቱም ግፊቱም አልተዛባም፤ ለትንተናው «እነዚህን አቶሞች ምረጥ» ተብሎ የተጻፈው ሐረግ ግን ሌላ ነገር መርጧል። የሚያሳስበኝ ሶፍትዌሩ ዝም ማለቱ ነው። የተሳሳተ መረጣም ቁጥር ይሰጣል፣ ግራፍም ያወጣል፣ ግራፉም መመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ ይገባል። እዚህ የማነሳቸው እንዲህ ዓይነቶቹን፣ ምንም ማስጠንቀቂያ ሳያሳዩ የሚያልፉትን ነው።

አልፋ ካርቦንን ከካልሲየም ጋር መቀላቀል

የአቶሞች ስምና ቦታ በሚመዘገብበት በፒዲቢ ፋይል፣ በእያንዳንዱ አሚኖ አሲድ አንድ የሆነው የፕሮቲኑ አልፋ ካርቦን ስሙ «ሲኤ» ነው፤ የካልሲየም አዮንም «ሲኤ» ነው። ፋይሉ ውስጥ የሚለያቸው ፊደሎቹ የሚጀምሩበት ዓምድ ሲሆን፣ ስሙ ሲነበብ ክፍት ቦታው ስለሚወገድ ልዩነቱ ይጠፋል። ካልሞዱሊን የተባለውን ፕሮቲን እንውሰድ። 148 አሚኖ አሲዶች አሉት፣ አራት ካልሲየም ይይዛል። በተሟላ ሞዴል ላይ በስም ብቻ ከመረጡ 148 ሳይሆን 152 አቶም ይመጣል፤ አራቱ አዮኖችም ሳይታወቁ አርኤምኤስዲው (አቶሞቹ ከመነሻ ቦታቸው በአማካይ የራቁበት መጠን) ውስጥ ይገባሉ። መፍትሔው ከስሙ በፊት የፕሮቲንነትን ቅድመ ሁኔታ መጨመር ነው። ከዚያም የተመረጡትን አቶሞች ብዛት አውጥቶ ማየት። የፕሮቲንዎን ርዝመት ያውቁታልና ብዛቱ ካልገጠመ ወደ ስሌቱ አይለፉ።

«ፕሮቲን» የሚለውን ቃል ሳይመረምሩ ማመን

የትንተና መሣሪያው ኤምዲአናሊሲስ ፕሮቲንን የሚያውቀው በአሚኖ አሲድ ስሞች ዝርዝር ነው፤ ሌላው መሣሪያ ቪኤምዲ ደግሞ የጀርባ አጥንቱን (የፕሮቲኑን ዋና ሰንሰለት) አቶሞች አይቶ ነው። ስለዚህ ፎስፌት የተጨመረበት ወይም እርስዎ ራስዎ ስም ያወጡለት አሚኖ አሲድ በአንዱ ተመርጦ በሌላው ሊቀር ይችላል። ሂስቲዲን የተባለው አሚኖ አሲድም እንዲሁ ነው፤ ቻርምና አምበር የተባሉት የሲሙሌሽን ፕሮግራሞች የየራሳቸው ስም አላቸው፦ በቻርም ኤችኤስዲ፣ ኤችኤስኢ ወይም ኤችኤስፒ፣ በአምበር ኤችአይዲ፣ ኤችአይኢ ወይም ኤችአይፒ ይባላል። «ሂስ» ብሎ የፈለገ ባዶ እጁን ይመለሳል። ውኃም ግሮማክስ በተባለው የሲሙሌሽን ፕሮግራም ኤስኦኤል፣ በቻርም ቲፕ3፣ በአምበር ዋት ነው። አዲስ ፋይል ሲከፍቱ ውስጡ ያሉትን ስሞች በሙሉ አንድ ጊዜ ዘርዝሮ ማየት ደቂቃ አይፈጅም።

ቁጥሮችን ማምታታት

ብዙ ሰው የሚወድቅበት እዚህ ነው። በቪኤምዲም በኤምዲአናሊሲስም «ኢንዴክስ» ከ0 ይጀምራል። የግሮማክስ የኢንዴክስ ፋይል ግን ከ1 ነው የሚቆጥረው። ከዚያ ፋይል ላይ 1ን ገልብጠው ከ0 ለሚቆጥረው ከሰጡት፣ የመጀመሪያውን ናይትሮጅን ፈልገው ቀጥሎ ያለውን ሃይድሮጅን ያገኛሉ። በቪኤምዲ ደግሞ «ሬስአይዲ» ፋይሉ ላይ የተጻፈው ቁጥር ሲሆን፣ «ሬዚዱ» ፕሮግራሙ ራሱ ከ0 ጀምሮ የሚሰጠው ተከታታይ ቁጥር ነው። ስማቸው ይቀራረባል እንጂ አንድ አይደሉም። በመረጣ ሐረግ «ከ30 እስከ 59» ሲባል 59ኛው ይካተታል፤ በፓይተን ዝርዝር መቁረጫ ግን የመጨረሻው አይካተትም።

ከዚህ የሚብሰው ተመሳሳይ ቁጥር በሁለት ቦታ ሲገኝ ነው። የኤችአይቪ ፕሮቲኤዝ እያንዳንዳቸው 99 አሚኖ አሲድ ካላቸው ሁለት ተመሳሳይ ሰንሰለቶች የተሠራ ነው፤ ሥራውን የሚሠራው አስፓርቲክ አሲድ 25 በሁለቱም አለ። ሁለቱም ሰንሰለቶች ከ1 ከተቆጠሩ፣ ሰንሰለቱን ሳይጠቅሱ «25» ማለት ሁለቱን በአንድ ላይ መውሰድ ነው፤ የሁለቱ መካከለኛ ነጥብ ደግሞ የማናቸውም ቦታ አይደለም። ትልቅ የውኃ ሳጥን ባለበት ፒዲቢ ፋይል ለአሚኖ አሲድና ለውኃ ቁጥር የተመደበው አራት ዓምድ ስለሆነ፣ ከ9999 በኋላ ቆጠራው እንደገና ይጀምራል። ያኔ «25» ሲሉ የውኃ ሞለኪውሎችም አብረው ሊመጡ ይችላሉ።

በርቀት ሲመርጡ

መጀመሪያ መለኪያውን ያረጋግጡ። ቪኤምዲና ኤምዲአናሊሲስ በአንግስትሮም፣ ግሮማክስና ሌላው የትንተና መሣሪያ ኤምዲትራጅ በናኖሜትር ይለካሉ። አንዱ ጋ 5 የሆነው ሌላው ጋ 0.5 ነው፤ 5 ናኖሜትር ብለው ከጻፉ አብዛኛውን ሳጥን ሊሰበስቡ ይችላሉ።

በተወሰነ ርቀት ውስጥ ያሉትን የሚመርጠው የቪኤምዲ «ዊዚን» ማዕከል ያደረጉትን ፕሮቲን ራሱን ይጨምራል፤ የማይጨምረው «ኤክስዊዚን» ነው። የኤምዲአናሊሲስ «አራውንድ» ግን ፕሮቲኑን አይጨምርም። እንዲሁም «ዊዚን» የሲሙሌሽኑ ሳጥን በየጎኑ እንደሚደጋገም ስለማያይ፣ ፕሮቲኑ ጠርዝ ላይ ሲደርስ በወዲያኛው ገጽ ያሉት ጎረቤቶቹ ይቀራሉ፤ ለዚህ «ፒቢዊዚን» አለ። በርቀት ብቻ ከመረጡ ደግሞ አንዲት ሃይድሮጅኗ ብቻ የተመረጠች ውኃ ሊያገኙ ይችላሉና፣ ሙሉ ሞለኪውሉ እንዲገባ በቪኤምዲ «ሴም ሬዚዱ አዝ»፣ በኤምዲአናሊሲስ «ባይሬስ» ይጨምሩ።

መረጣው በየፍሬሙ ይታደሳል ብሎ ማሰብ

ኤምዲአናሊሲስ በርቀት የተመረጠውን ቡድን የሚወስነው ትእዛዙ በተሰጠበት ፍሬም (የሲሙሌሽኑ አንድ ቅጽበት) ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ውኃዎቹ ርቀው ቢሄዱም ቡድኑ ያው ነው። በየፍሬሙ እንዲታደስ ከፈለጉ «አፕዴቲንግ»ን እውነት ብለው መጻፍ አለብዎት፤ በቪኤምዲ ትእዛዝ ደግሞ ፍሬሙን ከቀየሩ በኋላ መረጣውን ማደስ። በገቢር ቦታው (ፕሮቲኑ ሥራውን በሚሠራበት) ዙሪያ ያለው የውኃ ብዛት በመቶዎች ፍሬሞች ውስጥ ንቅንቅ ካላለ፣ የመጀመሪያውን ፍሬም ደጋግመው እየቆጠሩ ሊሆን ይችላል። ሁልጊዜ ማደስም ትክክል አይደለም፤ የአንድን ውኃ የሥርጭት ፍጥነት ሲለኩ መከታተል ያለብዎት ያንኑ ሞለኪውል ነው።

ቅንፍና ቅደም ተከተል

«እና»ንና «ወይም»ን በአንድ ሐረግ ሲያቀላቅሉ ቅንፍ ያድርጉ። የኤምዲአናሊሲስ የመረጣ ትእዛዝም አቶሞቹን በኢንዴክስ ቅደም ተከተል እንጂ እርስዎ በጻፉት ቅደም ተከተል አይመልስም፤ በአንድ ሐረግ 25ን ከ10 በፊት ቢጽፉም 10 ቀድሞ ይመጣል። ጥንድ ጥንድ ርቀት የሚለካ ሰው ይህን ካላወቀ ጥንዶቹ ይዘበራረቁበታል።

ለማደራረብም ለመለካትም አንድ መረጣ መጠቀም

የኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ፕሮቲን የሆነው አዴኒሌት ካይኔዝ 214 አሚኖ አሲዶች አሉት። ከ122 እስከ 159 ያለው «ሊድ» (ክዳን) የሚባለው ክፍልና ከ30 እስከ 59 ያለው «ኤንኤምፒ» የሚባለው ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ፤ የቀረው መሀል ክፍል ይህን ያህል አይንቀሳቀስም። ፍሬሞቹን በሙሉው ፕሮቲን ካደራረቡ (አንዱን በሌላው ላይ ካጋጠሙ) የክዳኑ እንቅስቃሴ ለሁሉም ይከፋፈላል፤ ክዳኑ ከእውነቱ ያነሰ፣ መሀሉ ከእውነቱ የበዛ የተንቀሳቀሰ ይመስላል። ስለዚህ ከ1 እስከ 29፣ ከ60 እስከ 121 እና ከ160 እስከ 214 ባለው የጀርባ አጥንት ያደራርቡ፣ ከዚያ ሊድንና ኤንኤምፒን ለየብቻ ይለኩ። ውጤቱን ሲጽፉም ያደራረቡበትንና የለኩበትን ሁለቱንም ሐረግ ሳያሳጥሩ ከግራፉ ሥር ያስፍሩ።