የወንጀል ሕግ ኬዝ እንዴት ይሠራል? ለሕግ ተማሪዎች

ኬዝ (ሕጉን የምትተገብሩበት የታሪክ ጥያቄ) ሲሰጥ ብዙ ተማሪ አንቀጽ ፍለጋ ይሮጣል። «ሰው ገድሏል፣ ስለዚህ 540» ብሎ ይደመድማል። ነጥቡ የሚጠፋው እዚያ ላይ ነው።

ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሕጎች ይኑሩ፦ በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣው የወንጀል ሕግና የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቢሆንም አማርኛውን አንብቡ። በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ የወጣ ሕግ በሁለቱ ቋንቋዎች ሲለያይ የሚጸናው አማርኛው ነው። ከሲኒየር የተወረሰ ማስታወሻ ከያዛችሁ ደግሞ ቁጥሮቹን አጣሩ። ተራ የሰው ግድያ በ1949ኙ ሕግ አንቀጽ 523 ነበር፤ አሁን 540 ነው።

መጀመሪያ ታሪኩን በጊዜ ቅደም ተከተል ጻፉ፦ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ በምን። ቀጥሎ የሚቀርበውን አንቀጽ ከልዩው ክፍል (ወንጀሎቹ አንድ በአንድ ከተዘረዘሩበት) አውጥታችሁ ወደ ፍሬ ነገሮቹ በትኑት። ለምሳሌ ስርቆት (665) ሲበተን የሌላ ሰው የሆነ ተንቀሳቃሽ ንብረት፣ መውሰድና የማይገባ ጥቅም ለማግኘት ማሰብ ይወጣዋል። የራሱ መስሎት የጓደኛውን ሞባይል ይዞ የሄደ ሰው የመጨረሻው ይጎድለዋል። በቸልተኝነት የሚፈጸም ስርቆትም የለም፤ በአንቀጽ 59(2) መሠረት ቸልተኝነት የሚያስቀጣው ሕጉ በግልጽ ሲደነግግ ብቻ ነው።

አንቀጽ 23(2) ሕጋዊ (በሕግ የተከለከለ መሆኑ)፣ ግዙፋዊ (አድራጎቱ) እና ሞራላዊ (ሐሳቡ ወይም ቸልተኝነቱ) ፍሬ ነገሮች በአንድነት ካልተሟሉ ወንጀል የለም ይላል። ሁለቱ ብዙ አያስቸግሩም፤ አብዛኛው ተማሪ የሚወድቀው ሦስተኛው ላይ ነው።

ጠጅ ቤት ውስጥ ጠብ ተነሣ እንበል። አንዱ ሌላውን በቢላ ወጋው፤ ተወጊው ግን ተረፈ። ዐቃቤ ሕግ 27(1)ን ከ540 ጋር ጠቅሶ የግድያ ሙከራ ነው ይላል፤ ተከላካይ ጠበቃ ከባድ የአካል ጉዳት ነው፣ 555 ይሁን ይላል። የደረሰው ቁስል ለሁለቱም አንድ ነው። የሚለያቸው ሐሳቡ ነው፤ ሐሳብ ደግሞ ከአድራጎት ይነበባል። ቢላው ደረት ላይ አረፈ ወይስ ክንድ ላይ? ስንት ጊዜ ወጋ? ሲወጋ ምን አለ? ያቆመው ራሱ ነው ወይስ ሰው ይዞት? እነዚህን አንድ በአንድ ሳይመዝን «የመግደል ሐሳብ ነበረው» ብሎ የሚያልፍ መልስ ባዶ ነው። የመግደል ሐሳቡ ካልታየ ሙከራው ይወድቃል፤ በቸልተኝነት የሚሞከር ግድያ የለምና።

ከዚህ የሚከብደው የ58(1)(ለ) (ውጤቱን ተቀብሎ ማድረግ) እና የ59 (ቸልተኝነት) ድንበር ነው። በገበያ ቀን ሰው በሞላበት መንገድ አይሱዙ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚነዳ ሾፌር ሰው ሊገድል እንደሚችል ያውቃል። «የመጣው ይምጣ» ብሎ ውጤቱን ከተቀበለ አስቦ እንዳደረገ ይቆጠራል። በመሪ አያያዙ ተማምኖ «አይደርስም» ካለ ቸልተኝነት ነው። ማወቁ ሁለቱም ጋ ስላለ «ያውቅ ነበር» የሚለው ብቻውን ምንም አይፈታም፤ መቀበሉን የሚያሳይ ፍሬ ነገር ከታሪኩ አውጡ። የቅጣቱ ርቀት ትልቅ ነው፦ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ሲያስቀጣ፣ በ543 ተራው የቸልተኝነት ግድያ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ነው።

መከላከያን የምታነሡት ከዚህ በኋላ ነው። ሕጋዊ መከላከል (78) ከተነሣ ጥቃቱ ሕገ ወጥና የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ መሆኑን፣ በሌላ መንገድ ሊመለስ አለመቻሉንና የመከላከሉን ተመጣጣኝነት ለየብቻ መርምሩ። ተመጣጣኝነቱ ብቻ ከጎደለ ከመጠን ወዳለፈ መከላከል (79) እለፉ።

ሥነ ሥርዓቱን በአንድ ገጽ መስመር አድርጋችሁ ሣሉት (ከዚህ በኋላ ያሉት ቁጥሮች የሥነ ሥርዓት ሕጉ ናቸው)፦ ከተያዘ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት (29)፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ለፖሊስ ምርመራ ከ14 ቀን የማይበልጥ ጊዜ ቀጠሮ (59)፣ ዋስትና (63)፣ የክስ መቃወሚያ (130)፣ የእምነት ክህደት ቃል (132)፣ የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ። እዚህ ላይ መንገዱ ይከፈላል። የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ባይስተባበል እንኳ ጥፋተኛ የማያሰኝ ከሆነ ተከሳሹ በ141 በነፃ ይሰናበታል፤ አለዚያ በ142 ይከላከላል። «ይከላከል» የጥፋተኝነት ፍርድ አይደለም፤ ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚያምታቱት ይህን ነው።

መስመሩን ከሣላችሁ በኋላ ጊዜ ቀጠሮ የሚታይበት ችሎት ገብታችሁ ተቀመጡ። ፖሊስ ተጨማሪ ቀን ሲጠይቅ የሚዘረዝረውን ቀሪ ሥራ ጻፉ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ተመልሳችሁ የትኛው እንደተሠራና ዳኛው ስለቀረው ምን እንደጠየቁ አስተያዩ።