ሐሰትን ሲያጋልጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚለው ብሂል ያጽናናል እንጂ ሥራውን አይሠራም። የተሳሳተ ወሬ ካላፈረሱት እያደር ሥር ይሰዳል፤ ሲያፈርሱት ደግሞ አያያዙን ካላወቁበት ፍርስራሹ ራሱ መልሶ ይቆማል።

ማስተባበልን እንደ ማጋለጥ መቁጠር

«ወሬው መሠረተ ቢስ ነው» የሚል መግለጫ ማስተባበያ ነው፤ ከዚያ አያልፍም። የሚያስተባብል ሰው የሚያቀርበው ቃሉን ብቻ ነው። ሐሰትን የሚያጋልጥ ግን አንባቢው ራሱ ሊያጣራው የሚችል ነገር ይዞ ይመጣል፦ ፎቶግራፉ መጀመሪያ የወጣበትን ቀን፣ ቁጥሩ የተቀዳበትን ሰነድ፣ ተቆርጦ የቀረውን የንግግር ክፍል። በርዕሱ «ሐሰቱ ተጋለጠ» ብሎ ውስጡ የተከሳሹን ክህደት ብቻ የያዘ ጽሑፍ አንባቢን ያታልላል፤ ክህደቱ እውነት ቢሆን እንኳ።

ቦታውን ባዶ መተው

በእኔ ግምት ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመ ጥናት፣ ተሳታፊዎች ስለ አንድ መጋዘን ቃጠሎ የሚተርክ ዘገባ አነበቡ። ዘገባው በመጀመሪያ ቁም ሣጥን ውስጥ ቀለምና የጋዝ ሲሊንደር ነበር አለ፤ በኋላ ግን ቁም ሣጥኑ ባዶ እንደ ነበረ አረመ። ሰዎቹ እርማቱን ያስታውሳሉ። ጭሱ ለምን እንደ በዛ ሲጠየቁ ግን ብዙዎቹ ወደዚያው ቀለምና ጋዝ ተመለሱ። እሳቱ ሆን ተብሎ እንደ ተለኮሰ የሚያሳይ ሌላ ምክንያት ሲሰጣቸው ነው የቀድሞው ሐሳብ የላላው።

ስለዚህ «ናፖሊዮን ድንክ አልነበረም» ብሎ ማቆም አይበቃም። ቁመቱ በፈረንሳይ መለኪያ 5 ጫማ ከ2 ኢንች ገደማ ተብሎ ይነገር ነበር። የዚያ ዘመን የፈረንሳይ ኢንች ግን 2.7 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የእንግሊዙ 2.54 ነው። ያው ቁጥር በእንግሊዝ መለኪያ ሲነበብ 157 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ በትክክለኛው ግን 168 ገደማ ነው፤ ለዘመኑ ሰው ተራ ቁመት። የእንግሊዝ የካርቱን ሠዓሊዎችም ትንሽ አድርገው በመሣል አገዙት። አሁን አንባቢው ወሬው ከየት እንደ መጣ ስላወቀ፣ የጣለውን የሚተካ ነገር አገኘ።

ሐሰቱን በርዕስ ማድመቅ

የተደጋገመ ነገር እውነት ይመስላል፤ ይህ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ በሙከራ የታወቀ ነው። ርዕሱን ብቻ አንብቦ የሚያልፈው ሰው ይዞ የሚሄደው ሐሰቱን ነው። እውነቱን አስቀድሙ። በሌላ በኩል «ሐሰቱን ካነሣሁት ሰው ይበልጥ ያምነዋል» ብሎ ዝም ማለትም የተጋነነ ፍርሃት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ይህን ስጋት ቢያስነሣም፣ በ2019 የታተመውና በ52 ጉዳዮች ላይ ከ10,000 በላይ ሰዎችን የፈተነው ሥራ እርማት እምነትን ያጠናክራል የሚያሰኝ ማስረጃ አላገኘም። አንድ ጊዜ፣ በግልጽ ጥቀሱት፤ ይበቃል።

ከተባለው በላይ ማፍረስ

የቻይና ታላቁ ግንብ ከጨረቃ ላይ ይታያል የሚለው ሐሰት ነው፤ ጨረቃ 384,000 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፣ ግንቡ ደግሞ ስፋቱ ጥቂት ሜትር ነው። ቻይናዊው ጠፈርተኛ ያንግ ሊዌይ እ.ኤ.አ. በ2003 ምድርን ሲዞር እንኳ አላየሁትም ብሏል። በዚህ የተበረታታ ሰው ግን «ከሕዋ በምንም መንገድ አይታይም» ሲል ራሱ ይሳሳታል፤ በ2004 ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ በካሜራ ሌንስ ተስቦ የተነሣ ፎቶግራፍ የግንቡን ክፍል አሳይቷል። ተቃዋሚው ይህችን አንዲት ቀዳዳ ካገኘ የቀረውንም ሁሉ ይጥልበታል።

ሰውየውን መምታት

ስድብ እንደማያሳምን ማንም ያውቃል። ረቀቅ ያለው ስህተት የተናጋሪውን ውርደት በማስረጃ ቦታ ማስቀመጥ ነው። የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው የእንግሊዛዊው ሐኪም የአንድሩ ዌክፊልድ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1998 ሲወጣ የተመሠረተው በ12 ሕፃናት ላይ ነበር፤ በ2010 ያሳተመው የሕክምና መጽሔት ሰረዘው፣ ሰውየውም የሕክምና ፈቃዱን ተነጠቀ። ብዙ አስተባባዮች እዚህ ላይ ያቆማሉ። የሰውየው ፈቃድ መነጠቅ ግን ስለ ክትባቱ የሚነግረን ነገር የለም፤ ደጋፊዎቹ «አሳደዱት» ብለው ያልፉታል። ሐሰቱን የሚያጋልጥ ጽሑፍ ሊጀምር የሚገባው በ2019 ከወጣው የዴንማርክ ጥናት ነው፦ ከ650,000 በላይ ሕፃናት ለዓመታት ተከትለው ታዩ፤ የተከተቡት ካልተከተቡት ይበልጥ ለኦቲዝም አልተጋለጡም።