የሰው አመጣጥ ሰልፍ እንዳይመስላቸው

ተማሪዎች ስለ ሰው አዝጋሚ ለውጥ ሲማሩ ጎንበስ ካለ ዝንጀሮ ተነስቶ ቀጥ ብሎ በሚራመድ ሰው የሚያልቀው ሥዕል አእምሯቸው ውስጥ ይቀራል። እሱን ለማረም 4 ሜትር ገመድ ግድግዳ ላይ ወጥሩ፤ 1 ሜትር 1 ሚሊዮን ዓመት ነው፣ የቀኙ ጫፍ ዛሬ። ለየዝርያው በኖረበት ዘመን ልክ ባለቀለም ወረቀት ቁረጡ። የሉሲ ዝርያ አውስትራሎፒቴከስ አፋረንሲስ ከ3.9 እስከ 2.9 ሚሊዮን ዓመት በፊት ስለኖረ 1 ሜትር ይሆናል። ከሌሎቹ ጥንታዊ የሰው ዘመዶች ፓራንትሮፐስ ቦይሴ ከ2.3 እስከ 1.2 ሚሊዮን፣ ሆሞ ኢሬክተስ ከ1.9 ሚሊዮን እስከ 110 ሺህ፣ ኒያንደርታል ከ400 እስከ 40 ሺህ ገደማ። እኛ ሆሞ ሳፒያንስ 30 ሳንቲሜትር ብቻ ነን።

ወረቀቶቹን እያንዳንዱን በገመዱ ላይ ከዘመኑ ትይዩ፣ አንዱን ከሌላው በታች ለጥፉ። ጫፍ ለጫፍ ከተያያዙ ያው ሰልፍ ይመለሳል። ተደራርበው ሲታዩ ግን ቦይሴና ኢሬክተስ 700 ሺህ ዓመት ያህል በአንድ ዘመን እንደኖሩ ተማሪው በሜትር ለክቶ ያገኘዋል፤ «አንዱ ሲጠፋ ሌላው ተተካ» የሚለው ሐሳብ እዚያው ይፈርሳል።

በሙጫ ሳይሆን በሚነሳ ፕላስተር አያይዙ፤ አዲስ ቅሪተ አካል በተገኘ ቁጥር ጫፎቹ ይቀየራሉ። በዝርያዎቹ መካከል ቀስት አትሳሉ፤ ማን ከማን እንደወረደ ብዙው ገና አከራካሪ ነው። የዘር ሐረግ ለማስተማር ከሆነ ይህ ዘዴ አይሆንም፣ የሚያሳየው ጊዜን ብቻ ነው።