ወፍ ለማየት የምትወርዱ፣ ከከብቶቹ ጎን ሂዱ

የካቲት ላይ፣ የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የመጡት ወፎች ገና ሳይመለሱ፣ ከጎንደር ወደ ጣና ሐይቅ ዳር፣ ወደ ደምቢያ ሜዳ ወይም ጎርጎራ ስትወርዱ ገና ከሩቁ ግር ብለው እየተነሱ ያስቸግሯችኋል? ቀጥ ብላችሁ አትሂዱባቸው። ከሚግጡት ከብቶች ጎን ሆናችሁ፣ በከብቶቹ እርምጃ፣ ሰያፍ እየሄዳችሁ ተጠጉ። ወፎቹ ከብትና እረኛ ሲያዩ ስለሚውሉ አይደነግጡም። ነጫጮቹማ ጭራሽ ከበሬው እግር ስር አይጠፉም፤ ሳሩን ሲረግጥ ብድግ የሚለውን ፌንጣ ለቀም ያደርጋሉ። የሚያስበረግጋቸው ዐይኑን ተክሎ ወደነሱ የሚመጣ ሰው ነው። አንዷ አንገቷን ቀጥ ካደረገች ቁሙ፤ ጎንበስ ብላ መልቀም ስትጀምር ቀጥሉ። ፀሐይዋን ከጀርባችሁ አድርጉ፤ አለዚያ የምታዩት ጥቁር ቅርጽ ብቻ ነው።

እረኛውን ቀድማችሁ ሰላም በሉ፤ የቱ ጋ መሬቱ እንደሚያሰምጥ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። አዲስ ጥጃ ያላትን ላም ግን ራቁ፣ ከብት ተከትላችሁም ደንገል ውስጥ አትግቡ። በክረምት ይህን አትሞክሩት፤ ብዙዎቹ የአገራችን የውሃ ወፎች ያኔ እንቁላል ታቅፈዋል።