በስፖት ሜትር ትክክለኛ ኤክስፖዠር ለማግኘት

የካሜራ ብርሃን መለኪያ ከፊቱ የቆመው ነጭ ግድግዳ ይሁን ጥቁር ካፖርት ለይቶ አያውቅም። የሚያውቀው ከዕቃው ተንጸባርቆ ወደ ሌንሱ የገባውን የብርሃን መጠን ብቻ በመሆኑ፣ የለካውን ነገር ሁሉ በፎቶግራፉ ላይ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ የሚያወጣ የኤክስፖዠር (ፎቶግራፉ የሚቀበለው የብርሃን መጠን) ቅንብር ይጠቁማል። ይህን መካከለኛ ግራጫ ፎቶግራፍ አንሺዎች ያረፈበትን ብርሃን 18 በመቶ ያህል በሚያንጸባርቅ ግራጫ ካርድ ይወክሉታል። ነጭ ጨርቅ ብቻውን ቢለካ የደበዘዘ ግራጫ፣ ጥቁር ጨርቅም ብቻውን ቢለካ የነጣ ግራጫ ሆኖ የሚወጣው በዚሁ ምክንያት ነው።

የተለመደው የመለኪያ ስልት መላውን ምስል አይቶ አማካይ ስለሚፈልግ ይህን ጠባይ በከፊል ይሸፍነዋል። ስፖት ሜትር ግን ከምስሉ ስፋት እንደ ካሜራው ዓይነት ከ1 እስከ 5 በመቶ የሚሆነውን ትንሽ ክብ ብቻ ይለካል፤ በእጅ የሚያዙት መለኪያዎች ደግሞ በአብዛኛው 1 ዲግሪ ብቻ ያያሉ። ይህ ክብ በአንዳንድ ካሜራዎች ሁልጊዜ መሃል ላይ ይቀመጣል፤ በሌሎቹ የፎከስ ነጥቡን ተከትሎ ይንቀሳቀሳል። የእርስዎ ካሜራ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ከመመሪያው መጽሐፍ ሳያረጋግጡ አይጀምሩ፤ ፊት ለካሁ ብሎ ከጀርባ ያለውን ግድግዳ መለካት የሚመጣው ከዚህ ነው።

ለመለማመድ ካሜራውን ቅንብሩን ሁሉ እርስዎ ወደሚመርጡበት ማንዋል ይቀይሩ፤ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) በአንድ ቁጥር ላይ ያጽኑት፤ አፐርቸሩንም (ብርሃን የሚገባበትን የሌንስ ቀዳዳ ስፋት) መርጠው ይተዉት። አይኤስኦው በራሱ እንዲቀያየር ከተተወ መለኪያው በዞረ ቁጥር ቅንብሩም ስለሚለወጥ ልምምዱ ከንቱ ይሆናል። ከዚያም ነጭ፣ ግራጫና ጥቁር ጨርቅ በአንድ ዓይነት ብርሃን ሥር ጎን ለጎን ያኑሩ። ክቡን በነጩ ላይ አነጣጥረው የመለኪያው ምልክት ዜሮ ላይ እስኪያርፍ ድረስ የሸተሩን ፍጥነት (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) ያስተካክሉና ያንሱ፤ በሌሎቹ ላይም እንዲሁ ያድርጉ። በሦስቱ ፎቶግራፎች ውስጥ የተለካው ጨርቅ በየተራው ተመሳሳይ ግራጫ ሆኖ ያገኙታል። አሁን ወደ ነጩ ተመልሰው ምልክቱን ከዜሮ 2 ስቶፕ ከፍ ያድርጉት (አንድ ስቶፕ የብርሃኑ እጥፍ ወይም ግማሽ ነው)፤ ለምሳሌ ዜሮ የሰጠው 1/250 ሰከንድ ከሆነ ወደ 1/60 ይውረዱ። ነጩ ነጭ ሆኖ ሲወጣ፣ ያልለኳቸው ግራጫውና ጥቁሩም አብረው ቦታቸውን ይይዛሉ። በእኔ እምነት ከልምምዶች ሁሉ ይህ ይበልጣል፤ አንድን ቦታ በትክክል ማስቀመጥ የቀረውን ሁሉ እንደሚያስተካክል በዓይን ያሳያልና። በአብዛኞቹ ካሜራዎች ላይ ሦስት ጠቅታ አንድ ስቶፕ ይሆናል።

አስቸጋሪው ነገር የሚለካው ቦታ ከመካከለኛው ግራጫ ምን ያህል እንደሚደምቅ ወይም እንደሚጨልም መገመት ነው፤ ይህንንም ቁጥሩን ከማየት በፊት መወሰን ያሻል። በረዶና ዝርዝሩ እንዲታይ የሚፈለግ ነጭ ልብስ ከ1.5 እስከ 2 ስቶፕ ይጨመርላቸዋል፤ ድርና ማጉ እንዲለይ የሚፈለግ ጥቁር ልብስ ወደ 2 ስቶፕ ይቀነስለታል። አረንጓዴ ሣር ብዙውን ጊዜ ለዜሮ ይቀርባል። የሰው ፊት ግን አንድ ቁጥር የለውም፤ ለነጣ ቆዳ 1 ስቶፕ ያህል ይጨመራል፣ ለጠይም ዜሮው ይበቃል፣ በጣም ለጠቆረ ደግሞ 1 ስቶፕ ያህል ይቀነሳል። ይህን ያልተረዳ ሰው ጥቁር ፊትን በዜሮ ለክቶ የገረጣና ያልሆነውን መልክ ይሰጠዋል፤ ለተነሺው ክብር ሲባል ሊታሰብበት የሚገባ ስህተት ነው። መገመት ሲያዳግት የእጅ መዳፍ ይረዳል፤ የመዳፍ ቀለም እንደ ፊት ብዙ ስለማይለያይ፣ ተነሺው ባለበት ብርሃን ሥር መዳፍን ለክቶ 1 ስቶፕ መጨመር በአብዛኛው ያስኬዳል።

አሜሪካውያኑ ፎቶግራፍ አንሺዎች አንሰል አዳምስና ፍሬድ አርቸር በ1940 አካባቢ ያዘጋጁት ዞን ሲስተም ይህንኑ ግምት በሥርዓት ያስቀመጠ ነው። ከድፍን ጥቁር እስከ ንጹሕ ነጭ ያለውን ከ0 እስከ 10 በዞኖች ይከፍለዋል፤ መካከለኛው ግራጫ ዞን 5 ሲሆን ከዞን ወደ ዞን ያለው ርቀት አንድ ስቶፕ ነው። በኔጌቲቭ ፊልም የሚሠራ ሰው ዝርዝሩ እንዲቀር የማይፈልገውን ጥላ ለክቶ 2 ስቶፕ በመቀነስ ዞን 3 ላይ ያኖረዋል። በዲጂታል ካሜራ ግን ተቃራኒው ይበጃል፤ አንዴ ከልክ በላይ ነጥቶ የጠፋ ዝርዝር ስለማይመለስ፣ ዝርዝሩ የሚፈለገውን እጅግ ደማቅ ቦታ ለክቶ ወደ 2 ስቶፕ ከፍ ማድረግና ውጤቱን በሂስቶግራሙ (የምስሉን ጨለማና ድምቀት ስርጭት በሚያሳየው የካሜራው ግራፍ) ማረጋገጥ ይሻላል። በብረት ወይም በውኃ ላይ የሚያብለጨልጭ ነጸብራቅ ግን ነጭ ሆኖ መቅረቱ ጉዳት ስለሌለው አይለካም።

ስፖት ሜትር በእጅጉ የሚጠቅመው ብርሃኑ እኩል ባልሆነበት ቦታ ነው፦ ጨለማ መድረክ ላይ ፊቱ ብቻ የበራ ዘፋኝ፣ መስኮትን ጀርባው አድርጎ የተቀመጠ ሰው፣ በሌሊት ሰማይ ላይ ያለች ሙሉ ጨረቃ። ሰማዩ በደመና ተሸፍኖ ብርሃኑ ሁሉም ላይ እኩል ሲያርፍ ወይም ተነሺው በፍጥነት ሲሮጥ የተለመደው ስልት ይበቃል።

በአፐርቸር ቅድሚያ (አፐርቸሩን እርስዎ፣ የሸተሩን ፍጥነት ካሜራው በሚመርጥበት ስልት) የሚያነሱ ከሆነ፣ ፊቱን ለክተው ፍሬሙን ሲያስተካክሉ ክቡ ሌላ ቦታ ላይ አርፎ ንባቡን እንዳይለውጥ የኤክስፖዠር መቆለፊያውን ይጫኑ፤ የሚጨመረውን ወይም የሚቀነሰውን ስቶፕም በኤክስፖዠር ማካካሻው ያስገቡ። ተነሺው ከክቡ የሚያንስ ከሆነ ይቅረቡ ወይም በረዥም ሌንስ ለክተው ወደ ነበሩበት ይመለሱ። ፀሐይ ወደ ሌንሱ በቀጥታ የምትገባ ከሆነ ብርሃኗ በጥላው ላይ ተበትኖ ንባቡን ስለሚያዛባ ሌንሱን በእጅዎ ያስጠልሉ። ሥራው ሲያበቃም መለኪያውን ወደ ተለመደው ስልት ይመልሱ፤ በስፖት ላይ ተረስቶ ያደረ ካሜራ በማግስቱ በችኮላ ሲነሳ እያንዳንዱን ፎቶግራፍ የተለያየ ድምቀት ይሰጠዋል።