በፊልም የሚቀልድ ባለ አራት ሳጥን ካርቱን አሠራር

መጀመሪያ የሚመረጠው ትዕይንት እንጂ ፊልም አይደለም። አንባቢው ፊልሙን ባያየውም ትዕይንቱን ሊያውቀው ይገባል፤ ጀግናው ከሚከንፍ መኪና ላይ ሲዘል፣ ወይም ሰርግ መሃል በሩ በርገድ ብሎ "ይህ ጋብቻ ይቁም!" የሚል ሰው ሲገባ። ከዚያ እዚያው ትዕይንት ውስጥ ከዕለት ኑሯችን አንዲት ነገር ብቻ አስገቡ። ሁለት ከሆነች አንባቢው በየትኛዋ እንደሚስቅ ይጠፋዋል።

እንዲህ፦ ሳጥን 1፣ ጀግናው በሚበር ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ተንበርክኳል፤ ሁለት ጥቁር መኪኖች ያሳድዱታል። ሳጥን 2፣ ፊቱ ብቻ፦ ላብ፣ የተነከሰ ጥርስ፣ ቃል የለም። ሳጥን 3፣ ኮቱ እየተውለበለበ ሊዘል ተነስቷል። ሳጥን 4፣ ጎንበስ ብሎ በመስኮት ለረዳቱ፦ "ወራጅ አለ!"

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳጥኖች የምር ሣሏቸው። የጀግናውን አፍንጫ ከመነሻው አግዝፋችሁ ካስቀለዳችሁበት፣ አራተኛው ላይ የሚወርድበት ከፍታ አይኖረውም። ሁለተኛውን ዝምተኛ ሳጥን ደግሞ ጀማሪ ሁሉ ቦታ ለመቆጠብ ይቆርጠዋል፤ ጉጉቱ የሚጠራቀመው ግን እሱ ላይ ነው።

የሚያስቀው ቃል መጨረሻ ላይ ይዋል። የሰርጉ ሰውዬ "መኪና ደጄ ላይ ያቆመው ሙሽራው ነው" ካለ ቀልዱ በመጀመሪያው ቃል ፈሰሰ። "ሙሽራው... ደጄ ላይ... መኪና አቁሟል!" ሲል ግን ያዘ። ከዚህ በኋላ ሌላ ቃል አትጨምሩ፤ ሲስቁ የሚታዩ ታዳሚዎችንም አትሣሉ።

አሁን ወረቀቱ። ኤ4ን አቁማችሁ በግራና በቀኝ 1.5 ሴንቲ ሜትር ተዉ፤ በመካከል 0.5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ያላቸው፣ እያንዳንዳቸው 8.75 በ9 ሴንቲ ሜትር የሆኑ አራት ሳጥኖች፣ ሁለቱን ከላይ ሁለቱን ከታች፣ በእርሳስ አስምሩ። አራቱን በአንድ መስመር መደርደር ለጋዜጣ ያምራል፤ ስልክ ላይ ግን ጽሑፉ አይነበብም።

የየሳጥኑ የላይኛው 3 ሴንቲ ሜትር የጽሑፍ ነው። ፊደሉን 5 ሚሊ ሜትር ከፍታ ስጡት፣ ከሦስት መስመርና ከ8 ቃል አትለፉ። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፦ መጀመሪያ ቃሉን ጻፉ፣ ቀጥሎ ፊኛውን (ንግግሩን የሚከበውን መስመር) ዙሩበት፣ ሥዕሉ በመጨረሻ። ፊኛውን ያስቀደመ ሰው መጨረሻ ላይ ፊደል ያጨናንቃል። ቀድሞ የሚናገረው ሰው በስተግራ ይቁም፤ በቀኝ ከሆነ ፊኛው ከሌላው ከፍ ይበል፤ አለዚያ መልሱ ከጥያቄው በፊት ይነበባል።

ለጽሑፍ ባለ 0.5፣ ለሳጥኑ ጠርዝ ባለ 0.8፣ ለፊት ዝርዝር ባለ 0.3 ሚሊ ሜትር ብዕር ይበቃል። በወፍራም ብዕር ከተጻፈ "ሸ" ከ"ሰ"፣ "ኘ" ከ"ነ" የሚለይበት ሰረዝ ይዋጣል። ቀለሙ በደንብ ሳይደርቅ እርሳሱን በላጲስ አትንኩ፤ ጥቁሩ ይጎተታል።

ስካነር ካለ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) አንሡት። በስልክ ከሆነ ቀን ላይ መስኮት አጠገብ አስቀምጡትና ከቀጥታ በላይ ሆናችሁ አንሡ፤ ትንሽ ካዘነበላችሁ ሳጥኖቹ ይጣመማሉ። በቴሌግራም ስትልኩ በፋይል መልክ ይሁን፤ በፎቶ መልክ ከተላከ ይጨመቅና ቀጫጭን መስመሮቹ ይደበዝዛሉ።